የጽሑፍ ሳጥኑና አድማጩ

የይለፍ ቃል ጽፈን ሳንጨርስ «ደካማ ነው» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። መፈለጊያው ላይ ጥቂት ፊደላት እንዳስገባን ግምቶች ይደረደራሉ። «አስቀምጥ» የሚለው ማዘዣ ደግሞ አንድ ነገር እስክንቀይር ደብዝዞ ይቆያል። የሦስቱም መነሻ የጽሑፍ ሳጥኑ ይዘቱ ሲለወጥ ለፕሮግራሙ የሚልከው ማሳወቂያ ነው። ፕሮግራመሮች ማሳወቂያውን ኢቨንት፣ የሚጠብቀውን ኮድ ደግሞ ሊስነር (አድማጭ) ይሉታል።

ጀማሪ ፕሮግራመር ብዙ ጊዜ የሚቀናው ኪቦርዱን ማዳመጥ ነው። ነገር ግን ጽሑፍ በማውስ ይለጠፋል፣ ብራውዘሩ አድራሻችንን ራሱ ይሞላል፣ ንግግራችንም ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል፤ ይህ ሁሉ አንድ ቁልፍ ሳይነካ ነው። የቀስት ቁልፍ ስንጫን ደግሞ ጽሑፉ እንደነበረ ይቆያል። አማርኛ ላይ ክፍተቱ ይሰፋል። በብዙዎቹ የላቲን ፊደል በሚጠቀሙ የአማርኛ መጻፊያዎች የኤል ቁልፍ «ል»ን ያወጣል፤ የኤ ቁልፍ ሲከተል «ል» ጠፍቶ «ላ» ይተካል። ቁልፍ የሚቆጥር ፕሮግራም ሁለት ፊደል ተጻፈ ይላል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን አንድ ነው።

የጃቫ ቋንቋ የመስኮት መሥሪያ የሆነው ስዊንግ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ጽሑፉ የሚቀመጠው ዶኪዩመንት በሚባል ክፍል ስለሆነ አድማጩም፣ ማለትም ዶኪዩመንት ሊስነር፣ የሚታሰረው ከእሱ ጋር ነው። አድማጩ ሦስት ጥሪዎች አሉት፦ ጽሑፍ ሲገባ ኢንሰርት አፕዴት፣ ሲወጣ ሪሙቭ አፕዴት፣ ሦስተኛው ቼንጅድ አፕዴት። ብዙዎችን የሚያሳስተው የመጨረሻው ነው። የሚጠራው እንደ ቀለምና ውፍረት ያለ የጽሑፉ ባሕርይ ሲለወጥ ነውና፣ ተራ የጽሑፍ ሳጥን ላይ የፈለገውን ያህል ቢጻፍ ዝም ይላል። ያለውን ጽሑፍ በሌላ መተካት ደግሞ እንደ ማውጣትና ማስገባት ስለሚቆጠር አድማጩ ሁለቴ ይጠራል፤ በመካከል ሳጥኑን ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

መቼ ይነገር የሚለውም ምርጫ ነው። ድረ ገጽ ላይ ኢንፑት የሚባለው ኢቨንት በእያንዳንዱ ለውጥ ይላካል፤ ቼንጅ ግን ጸሐፊው አርሞ ከሳጥኑ እስኪወጣ ወይም ኢንተር እስኪጫን ይጠብቃል። ማን ለወጠው የሚለውንም የሚለዩ አሉ። ኪውቲ በሚባለው ሌላ የመስኮት መሥሪያ፣ ቴክስት ቼንጅድ ሰውም ሆነ ፕሮግራሙ ሲለውጥ ይላካል፤ ቴክስት ኤዲትድ ግን ለሰው ብቻ ነው።

ልዩነቱ የሚጠቅመው አድማጩ ራሱ ጽሑፉን ማረም ሲያምረው ነው። የስልክ ቁጥር መሐል ክፍተት የሚያስገባ ኮድ ይዘቱን ይለውጣል፤ ለውጡ አዲስ ማሳወቂያ ይወልዳል፤ ማሳወቂያው ኮዱን መልሶ ይጠራዋል። አንድሮይድ ላይ ጥንቃቄ ከጎደለ ማብቂያ የሌለው ዙር ይሆናል። ስዊንግ በማሳወቂያው መሐል ዶኪዩመንቱን መለወጥን ስህተት ብሎ ያቋርጣል፤ ማረም የፈለገ ጽሑፉ ከመግባቱ በፊት በዶኪዩመንት ፊልተር ሊያጣራው ይገባል።

ማሳወቂያው የሚናገረው ጽሑፉ መለወጡን ብቻ ነው፤ ሰውየው ጽፎ መጨረሱን አያውቅም። ስለዚህ መፈለጊያ የሚሠራ ፕሮግራመር ለእያንዳንዱ ፊደል ሰርቨሩን ከማስጨነቅ፣ ከመጨረሻው ለውጥ በኋላ የሰከንድ ሲሶ ያህል ጠብቆ አንዴ ይጠይቃል። ፊደል ለመቁጠር የፈለገ ግን መጠበቅ አያስፈልገውም።