ከብሮንክስ ወደ ኮንጎ የሚሻገር የትኬት ገንዘብ

አንድ መካነ አራዊት ለመጥፋት ለተቃረቡ እንስሳት አዲስ መኖሪያ ለመሥራት ገንዘብ ሲያሰባስብ ለጋሾች ፊት የሚቀርበው የሕንፃው ንድፍ ነው። ስንት ይፈጃል፣ መቼ ያልቃል፣ የማን ስም ይጻፍበታል የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። እኔ ግን መቅደም ያለበት በሩ ከተከፈተ በኋላ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው እላለሁ። ለዚህ በተግባር መልስ የሰጠው በኒውዮርክ ብሮንክስ መካነ አራዊት የሚገኘው የኮንጎ ጎሪላ ደን ነው።

ስፍራው የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 2.6 ሄክታር ገደማ ይሰፋል፤ 43 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ጎብኚው በዛፎች መካከል አልፎ ስለ ደኑ አጭር ፊልም ያያል። ፊልሙ ሲያበቃ መጋረጃው ይገለጥና ከመስተዋቱ ማዶ ጎሪላዎቹ ይታያሉ። ስፍራው ሲከፈት ከመደበኛው መግቢያ ሌላ 3 ዶላር ይከፈልበት ነበር፤ ጎብኚውም መውጫው ላይ ይህ ገንዘብ በመካከለኛው አፍሪካ ለየትኛው የጥበቃ ሥራ እንደሚውል ራሱ ይመርጥ ነበር። ብልሃቱ የነበረው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው የሚመርጠው እንስሳውን ዓይን ለዓይን ካየ በኋላ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ብቻ በዚህ መንገድ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል።

«43 ሚሊዮኑ በቀጥታ ኮንጎ ቢላክ አይሻልም ነበር?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስሌቱ ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይረሳል። ከፊሉ የኒውዮርክ ከተማ ለከተማዋ ተቋም የመደበው ነው፤ ከተማዋ ያንን ለኮንጎ አትመድብም። ለጋሹም ቢሆን ስሙ ለሚቆምበት ግንብ እንጂ ለደን ጠባቂ ደመወዝና ለመኪና ነዳጅ እጁ ቶሎ አይፈታም። ጥበቃ የሚቆመው ደግሞ በየወሩ በሚከፈለው ደመወዝና ነዳጅ ነው። ስለዚህ ሕንፃውን ማንም የማይለግሰውን ገንዘብ የሚያመነጭ ሥራ ማድረግ ትክክለኛ ስሌት ነው፤ እንዲህ ያለ ፍሰት የሌለው አዲስ መኖሪያ ግን የከተማ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ብሮንክስ የተወለደ ጎሪላ ወደ ኮንጎ አይመለስም። እውነት ነው፤ መኖሪያው ደኑን ይተካል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅም ያታልላል። ሆኖም መመለስ የተሳካባቸው አሉ። በታንዛኒያ የኪሃንሲ ፏፏቴ በኃይል ማመንጫ ግድብ ሳቢያ ውኃው ሲቀንስ፣ በጭጋጉ ብቻ ትኖር የነበረች ትንሽ እንቁራሪት መጥፋት ጀመረች። በ2000 ከእነዚህ እንቁራሪቶች 499ኙ ወደ ብሮንክስ ተወሰዱ፤ በ2009 ከተፈጥሮ መኖሪያቸው ጠፍተዋል ተባለ፤ በ2012 ግን ዘራቸው ወደ ኪሃንሲ ተመለሰ። ጥፍር ለምታህል እንቁራሪት ግን ማን ትኬት ይቆርጣል? ለእሷ ገንዘብ የሚያመጣላት ሰው የሚሰለፍለት ትልቁ እንስሳ ነው።

የገንዘብ ጥያቄ እምነትም ይፈልጋል። ይህ መካነ አራዊት በ1906 ኦታ ቤንጋ የተባለውን ኮንጎአዊ ወጣት ከዝንጀሮዎች ጋር ለትርዒት አቅርቦ ነበር፤ አስተዳዳሪው ድርጅት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ነው። በኮንጎ ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ተቋም ይህን ታሪክ ከመኖሪያው ዋጋ ጋር እኩል ግልጽ ማድረግ አለበት።

ለእኛም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ብሮንክስ ከ1990 ጀምሮ የኢትዮጵያን ደጋ በመሰለ ስፍራ ጭላዳ ያሳያል። የዚያው ደጋ ነዋሪ የሆነው ቀይ ቀበሮ ግን በየትኛውም መካነ አራዊት የለም፤ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም። በባሌ እሱን ከእብድ ውሻ በሽታ ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ በአካባቢው ላሉ ውሾች የሚሰጠው ክትባት ነው፤ ይህም በየጊዜው መደገም አለበት። ጭላዳ ለማየት የመጣ ጎብኚ ከትኬቱ ጥቂት ዶላር ለዚህ ክትባት እንዲመርጥ ማድረግ አዲስ ግንብ አይጠይቅም።