«ብርድ ነው» ብለን እግራችንን ከመዘፍዘፋችን በፊት

«ሲስተር፣ እግሬ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ እጄም ይደነዝዛል፤ ምን ይሻለኛል?» ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዕድርም፣ በገበያም፣ በለቅሶ ቤትም ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ብዙዎቹ ጠያቂዎቼ መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። አንዷ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር ጀምራለች። ሌላው ዋግምት ሊታገም አስቧል። ማታ ማታ እግራቸውን በጨው ውሃ የሚዘፈዝፉ አሉ፤ ልጆቻቸው ከውጭ አገር የላኩላቸውን የጊንጎ እንክብል የሚያሳዩኝም አሉ።

የባህል መድኃኒትን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ሙቅ ውሃ ሰውነትን እንደሚያፍታታ አባቶቻችን ያወቁት እኛ ትምህርት ቤት ሳንገባ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን የሳባቸው ፍልውሃው ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሕክምናው መጀመሩ ነው።

አንድ ስም፣ ሦስት ሕመም

እጅና እግር ሲቀዘቅዝም ሲደነዝዝም «የደም ዝውውር ነው» እንላለን። በዚህ ስም ሥር ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ጥቃቅን የደም ቧንቧዎች በብርድ ወይም በጭንቀት ሲኮማተሩ የሚመጣ ነው። ጣቶች ለጥቂት ጊዜ ይገረጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ሲሞቁ ደግሞ ይጠዘጥዛሉ። ሐኪሞች ሬይኖ ይሉታል። በወጣት ሴቶች ላይ ይበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከባድ ጉዳት አያስከትልም።

ሁለተኛው ደም ወደ እግር የሚወስዱት ትልልቅ ቧንቧዎች ሲጠቡ ነው። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ዕድሜ ዋና ምክንያቶቹ ናቸው። ምልክቱ ዳገት ሲወጡ ወይም ጥቂት ሲራመዱ ባት ላይ የሚይዝ፣ ቆም ሲሉ የሚለቅ ሕመም ነው።

ሦስተኛው የነርቭ ጉዳት ነው። ደሙ በደንብ ይደርሳል፣ ስሜቱ ግን ይጠፋል። የስኳር በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የሥጋ ደዌ፣ አንዳንዴም ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ያመጡታል። ለዚህ ደም የሚያዘዋውር ቅባት ፍለጋ መዞር ጊዜ ማባከን ነው።

ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ የእግርዎን አውራ ጣት ጥፍር ለአምስት ሰከንድ ተጭነው ይልቀቁት። የገረጣው ቀለም በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። በእግርዎ ጀርባ ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላም የደም ትርታ ይፈልጉ። በአንዳንድ ጤነኛ ሰዎች ላይ ከእግር ጀርባ ያለው ላይገኝ ይችላል፤ ቀለሙ ከዘገየ ወይም ትርታው ከጠፋ ግን ለሐኪም ማሳየት ነው።

የምናውቃቸው መድኃኒቶች

ሙቅ ውሃ፦ በሥራ ዘመኔ የማልረሳቸው አንድ የስኳር ሕመምተኛ አባት ነበሩ። ልጃቸው ብርዱ እንዲለቃቸው ብላ በየማታው እግራቸውን በሙቅ ጨው ውሃ ትዘፈዝፋቸው ነበር። አንድ ቀን ውሃው አቃጠላቸው፤ እሳቸው ግን አልተሰማቸውም። ቆዳው ተላጠ፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ወደ እኛ ሲመጡ ሁለት ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር። ጣቶቹ ተቆረጡ። ከእሳቸው ይልቅ ልጅቱን ማጽናናት ከበደን።

ስኳር ያለበት ወይም እግሩ የደነዘዘ ሰው አይዘፍዝፍ፤ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያድርቅ። የሙቅ ውሃ ላስቲክም፣ የከሰል ምድጃም ለእግሩ አይቅረብ። ስሜቱ ደህና የሆነ ሰው ውሃውን በክርኑ ለክቶ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቢነክር ግን ይዝናናበታል እንጂ አይጎዳውም።

መታሸት፦ በዘይት ለስለስ ተደርጎ ሲታሽ ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ባቱ ካመመ ወጌሻ አይንካው። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል።

ዋግምት፦ የጠበበ የደም ቧንቧን አይከፍትም። ደም በቂ ሆኖ በማይደርስበት እግር ላይ የተበጣ ቁስል ቶሎ አይድንም። ምላጩና ቀንዱ ንጹሕ ካልሆኑ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋሉ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጊንጎ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በወጥና በሻይ ይብዙልን። ጊንጎ በእግር ጉዞ ለሚመጣ የባት ሕመም በጥናት ተፈትሾ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም። ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን የሚወስድ ሰው እንክብሉን ቢጨምርበት፣ ነጭ ሽንኩርቱንም እንደ መድኃኒት አብዝቶ ቢወስድ ሊደማ ይችላል።

ገንዘብ የማይጠይቀው ሕክምና

ቧንቧው ለጠበበ እግር ካየኋቸው ሁሉ የሚሻለው መራመድ ነው። ሐኪም ከፈቀደልዎ በኋላ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይራመዱ። ባትዎን ሲይዝዎ ቆመው ያሳርፉ፣ ሲለቅዎ ይቀጥሉ። ለውጡን ለማየት ሦስት ወር ያህል መታገስ ያስፈልጋል። ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም፤ እያጨሱ መራመድ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ስኳርና ግፊት ይለኩ፣ የታዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ።

ጣቶቹ በብርድ ለሚገረጡ ደግሞ ጓንት፣ የሱፍ ካልሲና መላ ሰውነትን ማሞቅ ይበጃል። የሚያጣብቅ የሕክምና ካልሲ ግን የእግር የደም ፍሰት ሳይለካ አይደረግም፤ ቧንቧው የጠበበን እግር ይበልጥ ያንቃል።

የማይዘገይባቸው ምልክቶች

እግር ወይም እጅ በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ በብርቱ ካመመ ወይም አልታዘዝ ካለ ያለው ጊዜ የሰዓታት ነው። ዝንጅብል አይፈላ፣ መኪና ይፈለግ። ጣት ከጠቆረ ወይም ቁስል መሽተት ከጀመረም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ትንሽ ቁስልም ብትሆን ነገ ዛሬ አትባልም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። መድኃኒቱን የደበቀም እንደዚያው ነው፤ ቤት ውስጥ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ነርሷም አትቆጣዎትም። በዚህ እሑድ እናት አባትዎን ሊጠይቁ ከሄዱ ካልሲያቸውን አስወልቀው ለብ ባለ ውሃ እግራቸውን ይጠቡላቸው። ምርቃታቸውን እየተቀበሉ ተረከዙን፣ የውስጥ እግሩንና በጣቶቹ መካከል ያለውን በደንብ ይዩ። እነሱ ያልተሰማቸውን ቁስል እርስዎ ቀድመው ሊያገኙት ይችላሉ።