በሰባት ጎል የተሸነፈ አይከራከርም

የኳስ ማሳያ ቤት በር ላይ ቆሞ ብር የሚቀበል ሰው ቴሌቪዥኑን ሳያይም ውጤቱን ያውቃል። እኔ አዊ ውስጥ ባለችው ጥርባ ላይ ይህን ሥራ ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። ቤቷ በቆርቆሮ የተከደነች፣ አግዳሚ የተደረደረባት ጠባብ ቤት ናት፤ መብራት ሲሄድ ከጓሮ ጀኔሬተር እናስነሳለን። ጨዋታው አልቆ ሰው ሲወጣ አረማመዱን አይቼ ስንት ለስንት እንዳለቀ ብናገር ብዙም አልሳሳትም። በአንድ ጎል የተሸነፈ ደጋፊ እየጮኸ ነው የሚወጣው። ዳኛውን ይረግማል፣ ኦፍሳይድ ነበር ይላል፣ አሰልጣኙ ሳይቀይረው የቀረውን ተጫዋች ስም ይጠራል፣ መንገድ ላይ ቆሞ እስከ እኩለ ሌሊት ይሟገታል። በአምስትና በሰባት የተሸነፈው ግን ድምፅ የለውም። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ሹልክ ይላል። ጨለማው ውስጥ ትንሽ እንደሄዱ አንዱ ይስቃል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል።

ሰባት ጎል ከአንድ ጎል ሰባት እጥፍ ያማል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ያየሁት ግን የተገላቢጦሹን ነው። ደጋፊን እንቅልፍ የሚነሳው ጎሉ አይደለም፣ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ሐሳብ ነው። ጎሉ ሲበዛ ይህ ሐሳብ መግቢያ ያጣል።

ይህን በደንብ ያየሁት ሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ሌሊት ነው። የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ብራዚል ከጀርመን። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነበር የተጀመረው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ኮሜንታተሩ አይሰማም። ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ነበር፤ ክረምቱም ገብቷል፤ ሰው ግን ጋቢውን ተከናንቦ መጥቶ ቤቱን ሞላው። አገራችን ውስጥ ብራዚልን መደገፍ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነው። ስለ ፔሌ በሬዲዮ ሰምቶ የደገፈ ሽማግሌ ሮናልዶን በቴሌቪዥን አይቶ ከደገፈ የልጅ ልጁ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ብራዚል ደግሞ አስተናጋጅ ነበረች። በሜዳዋ የነጥብ ጨዋታ ከተሸነፈች 39 ዓመት ሆኗት ነበር፤ የመጨረሻውም ሽንፈት እ.ኤ.አ. በ1975 በፔሩ 3 ለ 1፣ እዚያው ቤሎ ሆሪዞንቴ ሚኔራኦ ስታዲየም ውስጥ የደረሰባት ነው።

በእርግጥ ሥጋት ነበር። ኔይማር በሩብ ፍጻሜው የኮሎምቢያው ዙኒጋ ጀርባውን በጉልበቱ መትቶት አከርካሪው ላይ ስብራት ደርሶበታል። አምበሉ ቲያጎ ሲልቫም በቢጫ ካርድ ተቀጥቷል። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ዳቪድ ሉዊዝና በረኛው ጁሊዮ ሴዛር የኔይማርን ማልያ ከፍ አድርገው ይዘው ነበር። ከፊት የተቀመጠ አንድ አናጺ «ይኼማ ለቅሶ ቤት ነው፤ ማልያ ይዞ የሚያለቅስ አያሸንፍም» ሲል በሳቅ ጮኹበት።

11ኛው ደቂቃ ላይ ሙለር አገባ። ሰው ተቆጣ፤ ተከላካዮቹን ሰደበ። እኛ ጋ ሰው የሚሳደበው በአማርኛ ነው፤ ሲያዝን ወደ አዊኛ ይመለሳል። 23ኛው ደቂቃ ላይ ክሎሰ ደገመ፤ በዚህች ጎል በዓለም ዋንጫ ያገባቸው 16 ደርሰው የብራዚሉን ሮናልዶን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሮናልዶ ራሱ ስታዲየሙ ውስጥ ለቴሌቪዥን አስተያየት እየሰጠ ነበር። ከዚያ ክሩስ 24ኛው ላይ። ክሩስ እንደገና 26ኛው ላይ። ከዲራ 29ኛው ላይ። በስድስት ደቂቃ አራት ጎል! መሐል ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ አጠገቡ ወዳለው ጎልማሳ ዞሮ «አያ፣ ይኼ ድጋሚ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ጎልማሳው መልስ አልሰጠም፤ እሱም ድጋሚ መስሎት ነበርና ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር እያነበበ ነበር።

ስድቡ በዚያው ቆመ። ማንም ዳኛ አላነሳም። በእረፍት ሰዓት 5 ለ 0 ሆኖ ወደ በሩ ሲመጡ ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ ሲጋራ አጭሰው፣ ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። አንድ ሁለቱ ብራችንን መልስልን አሉኝ፤ ቀልዳቸውን ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ሹርለ ሁለት ጨመረ። ሰባተኛዋ ጎል ስትገባ ስታዲየሙ ውስጥ ያሉ ብራዚላውያን ለጀርመን አጨበጨቡ፤ የእኔም ደንበኞች አጨበጨቡ። ጀርመናዊው ተከላካይ ሁመልስ በኋላ እንደተናገረው፣ በእረፍት ሰዓት ተጋጣሚያቸውን ላለማዋረድ፣ ትርኢት ላለማሳየት ተስማምተው ነበር። ኦስካር 90ኛው ደቂቃ ላይ አንዷን ሲያገባ ቤቱ ዋንጫ እንደተበላ ሁሉ ጮኸ። እውነት ለመናገር ያን ሌሊት ከሰማሁት ጩኸት ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር።

ይህን ከብራዚል የቆየ ቁስል ጋር ብናስተያየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1950 ሪዮ ውስጥ በማራካኛ ስታዲየም ብራዚል አቻ ብትወጣ እንኳ የዓለም ዋንጫ ይበቃት ነበር። ኡራጓይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ሁለተኛዋን ጎል ጊጂያ በረኛው ባርቦሳ ከቆመበት በኩል በቅርቡ ቋሚ አሾልኮ አስገባት። ልዩነቱ አንድ ጎል ነበር፤ አንድ ጎል ደግሞ ተጠያቂ ይፈልጋል። ሞአሲር ባርቦሳ እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪሞት ድረስ፣ ግማሽ ክፍለ ዘመን ሙሉ፣ ያችን ኳስ ተሸክሟት ኖረ። ብራዚል ነጩን ማልያዋን እንኳ ጥላ ወደ ቢጫ የተሻገረችው ከዚያ በኋላ ነው። የ7 ለ 1ዱስ? አሰልጣኙ ስኮላሪ ሄዱ፣ ዳቪድ ሉዊዝ አለቀሰ፣ ግን አንድ ባርቦሳ አልተገኘም። ሰባት ጎል በአንድ ሰው ጀርባ ላይ አይጫንም።

ወደ ራሳችን ስንመጣም ያው ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ የሄዱት በ2005 ዓ.ም. ነው። ጥር 13 ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስንወጣ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ፣ ሳላዲን ሰይድ ፔናሊቲ ስቶ፣ አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን ጥርባ ላይ የተኛ ሰው አልነበረም። ጥር 17 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 መታን። ከአራቱ ሦስቱን ያገቡት በረኛቸው በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው ሲጫወቱ ነው። ይህን ጨዋታ ዛሬ የሚያነሳው ሰው አላውቅም። ጥር 21 በናይጄሪያ ተሸንፈን ከምድባችን ወጣን፤ በሁለተኛው ቀን ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሆነ ሰው ሁሉ ወሬውን ወደ እንጅባራና ወደ ፈረስ አዞረ።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. የሆነው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ ነበር፤ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ እንደገና ናይጄሪያ። እዚያ ለመድረስ ምን ያህል እንደተንገላታን የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ምንያህል ተሾመ በቅጣት ላይ እያለ ከቦትስዋና ጋር ተሰልፎ ሦስት ነጥብ ተቀንሶብን፣ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ነው የደረስነው። በኃይሉ አሰፋ አገባ፤ መራን። ኢመኒኬ አቻ አደረገ፤ 90ኛው ደቂቃ ላይ በፔናሊቲ ደገመው። 2 ለ 1። ብዙም ሳይቆይ መልሱን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ቀረን። እኔ ቤት አሁንም ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ከአዲስ አበባው ጨዋታ አንዷን አከራካሪ ኳስ ያነሳሉ፤ መስመር አልፋለች፣ አላለፈችም። የአሰልጣኙ የሰውነት ቢሻው ቅያሬ፣ የዳኛው ፊሽካ፣ ሁሉም እንደ ትናንት ይታወሳል። አራቱ የቡርኪና ጎሎች ተረስተው አንዷ ኳስ ትኖራለች።

የአርሰናል ደጋፊዎችን ጉዳይ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ እነሱ የተለየ ፍጥረት ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የካቲት 8 ሙኒክ ላይ ባየርን 5 ለ 1 አሸነፋቸው። ሰው ሁሉ መልሱን አይመጡም ሲል የካቲት 28 ቤቱን ሞሉት። ዋልኮት ቀድሞ ሲያገባ ወንበር ተሰበረብኝ። ኮሲየልኒ በቀይ ወጣ፤ እንደገና 5 ለ 1 ሆነ። በድምሩ 10 ለ 2። አርሰናል በሻምፒዮንስ ሊጉ በተከታታይ ለሰባት ዓመት ከ16ቱ ውስጥ የወደቀው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅና ባልደረቦቹ በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎችን ልብስ ቆጠሩ። የዩኒቨርሲቲያቸው የእግር ኳስ ቡድን (የአሜሪካኖቹ ዓይነት) ቅዳሜ ካሸነፈ፣ ሰኞ የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ልብስ ለብሶ የሚመጣው ተማሪ ይበዛል። ከተሸነፈ ይቀንሳል። ሰው ከአሸናፊ ጋር መታየት ይወዳል፤ ከተሸናፊ ይሸሻል። ጥናቱ ለአሜሪካ ልክ ይሆናል። ከ10 ለ 2 በኋላ ባለው የገበያ ቀን ጥርባ ላይ ያየሁት ግን ቀይ ማልያ ነው። ድንች ጭኖ የመጣው ለብሷል፣ ባጃጅ የሚነዳው ለብሷል። አንዱን «አታፍርም?» ብለው «ከለመድኩት ምን አሳፈረኝ» አለኝ። እኔ እንደሚመስለኝ በትንሽ ልዩነት ቢወጡ ኖሮ ማልያው ሳጥን ውስጥ ይቀር ነበር። ሽንፈቱ ከልክ ሲያልፍ መደበቂያ የለውም፤ ስለዚህ ሰው አደባባይ ይዞት ይወጣል፣ ሌላው ሳይቀልድበት ራሱ ይቀልዳል።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ የቅርጫት ኳስ ወዳጅ ነው። ግንቦት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት ስልኬ ላይ የላከልኝ ሥዕል ውስጥ የሚስቅ ሰው ብቻ ነበር። የሚደግፈው ፊኒክስ ሰንስ በመደበኛው ውድድር ከ82 ጨዋታ 64ቱን አሸንፎ ከሁሉም ቀዳሚ ሆኖ ነበር። በቅርጫት ኳስ ጥሎ ማለፉ እንደ እኛ አንድ ሌሊት አይደለም፤ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ነው የሚያልፈው፤ እስከ ሰባት ጨዋታ ይሄዳል። ስለዚህ ዕድል ቦታዋ ጠባብ ነው፤ የተሻለው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ሰንስ ከዳላስ ጋር ሦስት ለሦስት ሆኖ ሰባተኛውን በገዛ ሜዳው ተጫወተ። በእረፍት ሰዓት 57 ለ 27! የዳላሱ ሉካ ዶንቺች ብቻውን 27 ነጥብ አስቆጥሯል፤ አንድ ሰው ከአንድ ቡድን እኩል ማለት ነው። በ123 ለ 90 አለቀ። «ተናደድክ?» ብዬ ደወልኩለት። «በምኑ ልናደድ? የሚናደዱበት ነገር ቢተውልኝ ጥሩ ነበር» አለ። የብራዚልን ሌሊት አስታወሰኝ።

ባርሴሎና በባየርን 8 ለ 2 የተሸነፈበትን ጨዋታ በቤቴ አላየሁትም። ነሐሴ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ኮሮና ስለሆነ ቤቴ ተዘግቷል፤ ሊዝበን ያለው ስታዲየምም ባዶ ነበር። ከባርሴሎና በውሰት የሄደው ኩቲንሆ ለባየርን ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አገባባቸው። ያኔ ደንበኞቼ ሁሉ በየቤታቸው ነበሩ። በማግሥቱ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ፊታቸው የተለየ ሆነብኝ፤ ጥቁር ነበር። አብሮ የሚስቅ ሰው የሌለበት ትልቅ ሽንፈት ምን እንደሚመስል ያን ቀን ገባኝ።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጥቷል፤ ውርርድ። ወጣቱ ስልኩ ላይ፣ አለዚያም በወረቀት ብር አስይዞ ይገባል። ድሮ ውርርዳችን አንድ ሳጥን ቢራ ነበር፤ የተሸነፈው ይከፍላል፣ ያሸነፈው ከተሸነፈው ጋር ይጠጣል። የዛሬው ተወራራጅ ቡድኑ በሰባት ቢሸነፍም አይስቅም፤ የወር ደመወዙ፣ አንዳንዱም የአባቱ የድንች ሽያጭ ሄዷል። ቲፎዞው ቡድን መደገፉን ትቶ ቁጥር ይደግፋል፤ አምስተኛ ጎል እንዲገባ የሚጸልይ የተሸናፊው ደጋፊ አይቻለሁ። በዚህ ምክንያት አግዳሚ ላይ ቡጢ የተሰነዘረበት ቀን አለ። ብራዚል 7 ለ 1 በተሸነፈችበት ሌሊት እንኳ ያልሆነ ነገር ነው።

ስለዚህ በቤቴ ደንብ አውጥቻለሁ፦ የውርርድ ወረቀት ይዞ የመጣ አይገባም፤ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ሲወራረድ የተገኘም ይወጣል። ደንበኛ ቀንሶብኛል። ደንቡን አላነሳም።