ትሕትና ሲተረጎም፦ ስደተኛው ምሁር በሥራ ቃለ መጠይቅ ፊት

በስደት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ምሁር ከሚያጋጥሙት ፈተናዎች አንዱ፣ ዲግሪውንና የሥራ ልምዱን ይዞ በቀጣሪዎች ፊት የሚቀመጥባት ግማሽ ሰዓት ናት። አገር ቤት ሳለ ሲያስተምርና ሲያስተዳድር የኖረ ሰው፣ በአሜሪካ «በራሱ አይተማመንም» ተብሎ ሲቀርና ከሙያው ውጭ በሆነ ሥራ ዓመታት ሲያሳልፍ ደጋግመን ታዝበናል። በእኛ አስተያየት ጉድለቱ በአብዛኛው የዕውቀት ሳይሆን የትርጉም ነው።

በአስተዳደጋችን በታላቅ ሰው ዓይን ላይ ማፍጠጥ ድፍረት፣ አንገትን ማቀርቀር ጨዋነት ነው። አሜሪካዊው ጠያቂ ግን የተሰበረ ዓይን ሲያይ የሚደበቅ ነገር ያለ ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው ማፍጠጥ አይደለም፤ ጥያቄውን ስንሰማ፣ መልሳችንን ስንጀምርና ስንፈጽም ጠያቂውን መመልከት ይበቃል። «አዎ» ለማለት ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ የማድረግ ልማዳችንም ለባዕድ ጆሮ ድንጋጤ ይመስላል፤ ስለዚህ ቃሉን አሟልቶ መናገር ይበጃል። ርቀትም ቋንቋ ነው። ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አሜሪካውያን ለሥራ ጉዳይ ሲነጋገሩ የሚጠብቁትን ርቀት ከ1.2 እስከ 3.6 ሜትር ገምቶታል።

ከአካል ወደ አንደበት ስንሸጋገር፣ ትልቁ መሰናክል «እኔ» የምትለዋ ቃል ናት። ይሉኝታ ያሳደገን ሰዎች ብቻችንን የሠራነውን ሁሉ «ሠራን» እንላለን፤ ይህ ጽሑፍ ራሱ የዚሁ ልማድ ምስክር ነው። ጠያቂው ግን ሊያውቅ የሚሻው የአመልካቹን ድርሻ ነው። «ጥናቱን የመራሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ባልደረቦች አግዘውኛል» ማለት ጉራ ሳይሆን ትክክለኛ ምስክርነት ነው። እንዲሁም «ስለ ራስዎ ይንገሩን» ስንባል ከትውልድ ስፍራና ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መነሣት የለብንም። በሰምና ወርቅ ያደግን ብንሆንም በዚህ ስፍራ ወርቁ ይቀድማል፦ መጀመሪያ መልሱ፣ ቀጥሎ ማስረጃው፤ ችግሩ ምን ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ምን ውጤት ተገኘ።

ይሁን እንጂ የአካል ቋንቋን ኃይል ማጋነን አይገባም። ከመልእክታችን 7 በመቶው ብቻ በቃላት፣ 38 በመቶው በድምፅ ቃና፣ 55 በመቶው በፊት ገጽታ ይተላለፋል የሚባለው፣ አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካወጣቸው ጥናቶች የተወሰደ ነው። ጥናቶቹ ግን የስሜትን አገላለጽ የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ለንግግር ሁሉ እንደማይሠራ ተመራማሪው ራሱ አስገንዝቧል። በአንጻሩ ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት የ85 ዓመታት ምርምር ግምገማ፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት የተደራጀ ቃለ መጠይቅ፣ ከልማዳዊው ይልቅ የወደፊት የሥራ ብቃትን እንደሚተነብይ አሳይተዋል። እንግዲህ የመልሱ ይዘት ዛሬም ዋነኛው ነው።

ስለ ንግግር ዘዬም የሚሰጉ ወገኖች አሉ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪ በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል፤ ዘዬም ለመከልከያነት የሚያበቃው የሥራውን ክንውን በእርግጥ ሲያውክ ብቻ ነው። ስለሆነም ዘዬን ለማጥፋት ከመድከም ይልቅ ረጋ ብሎ መናገር፣ ያልተሰማንን ጥያቄም ሳያፍሩ እንዲደገም መጠየቅ ይመረጣል።

«እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ይላል የአገራችን ሰው። በእንግሊዝኛ ስንጽፍ አማርኛችንን እንደማንጥል ሁሉ፣ በቃለ መጠይቅ ቀና ብለን ስንናገርም ትሕትናችንን አንጥልም። ቀድሞ የደረሰው ለኋለኛው ጠያቂ ሆኖ እየተቀመጠ በየማኅበራችን ብንለማመድ፣ ዕውቀታችን በስሕተት ትርጉም ምክንያት ከደጅ አይቀርም።