የዱላ ጌጥ፤ ከቅቤ እስከ ኢፖክሲ

በጨፋ ሮቢት ገበያ የዋለ ሰው ብዙ ነገር ሊረሳ ይችላል፤ የዱላውን ብዛት ግን አይረሳም። ሽማግሌው ከዘራውን፣ ከብት ነጂው በትሩን፣ ጎረምሳው አዲስ የተላጠ ሽመሉን ይዞ ይወጣል። በኦሮምኛ «ሮቢ» ማለት ረቡዕ፣ «ጨፌ» ማለትም ረግረጋማ የሣር ሜዳ ስለ ሆነ የከተማዪቱ ስም ራሱ ገበያንና ግጦሽን ያሳስባል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ካራቆሬን ካለፈ በኋላ ከሚሴ ሳይደርስ ያገኛታል። በበጋ ወራት ኦሮሞውም አማራውም አፋሩም ሣርና ውሃ ፍለጋ ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ ሜዳ ይመጣል። እንግዲህ ከብት ባለበት ዱላ አለ፤ ዱላ ባለበትም ጌጡ አይቀርም።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ጌጥ ነው። ነገሩን ያነሳሳው ከማስተምራቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ነው። አባቱ ዱላ እየሠሩ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ልጁ የባዕድ አገር ሰዎች የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን በኢፖክሲና በባለ ቀለም ዱቄት ሲያስጌጡ በስልክ ተመልክቶ ኖሮ፣ አዲስ አበባ ካለ ዘመዱ ጥቂት ኢፖክሲና ሰማያዊ ዱቄት አስመጥቶ አንድ የወይራ ዱላ ከራሱ እስከ ጫፉ ለበጠው። ዱላው እንደ ጣዎስ ላባ ያብረቀርቃል፤ ወዲያ ሲያዞሩት ሰማያዊ፣ ወዲህ ሲያዞሩት ሐምራዊ ይመስላል። የክፍሉ ልጆች ሁሉ አደነቁለት። አባቱ ግን አገላብጠው ካዩት በኋላ ዕንጨቱ የት እንዳለ ጠየቁት።

ጥያቄያቸው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዱላ ገዢ ዱላ የሚመርጠው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ጎበጥ አድርጎ ይሞክረዋል፤ መሬት መትቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ የቋጠሮውን ሥፍራ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ነቀዝ የበላው ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ እንዳለበት ይመረምራል። ቦርከና በክረምት ሲሞላ ጥልቀቱን በዱላ እየለካ የሚሻገር እረኛ አለ። የዱላው መሰበር ለእርሱ የዋጋ ኪሳራ ብቻ አይደለም። ቀለሙ ዕንጨቱን ፈጽሞ ከሸፈነው ገዢው የሚያምነው ሻጩን ብቻ ይሆናል። ሻጩ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ገበያ ላይ ተመልሶ የሚቀመጥ ሰው ነው።

የቀድሞውን አሠራር እንመልከት። ወይራና ክትክታ ለጥንካሬያቸው ይመረጣሉ፤ ቀለል ያለ ለሚሻ ሽመል አለለት። ልጣጩ ከተገፈፈ በኋላ የጎበጠው በእሳት ወላፈን ሞቅ እየተደረገ ይቃናል፤ ከዚያም በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል። ቀጥሎ ቅቤ እየጠጣና ጭስ እየታጠነ ይሰነብታል። ቀለሙም ቀስ በቀስ ከገርጣነት ወደ ቀይ ዳማ፣ ከቀይ ዳማም ወደ ጥቁርነት ይሄዳል። የቀረውን የሚጨርሰው የባለቤቱ እጅ ነው፤ የሃያ ዓመት ዱላ የሚያብረቀርቀው በቫርኒሽ አይደለም። ጌጥ ከተፈለገ የከብት ጭራ ቆዳ ገና እርጥብ ሳለ እንደ እጅጌ ይጠለቅበታል፤ ሲደርቅም ተኮማትሮ ዕንጨቱን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ወይም የናስ ሽቦ ይጠመጠምበታል፤ ወይም በጋለ ብረት ይነቀሳል። በእኛ ዘመን ደግሞ ቀይና ቢጫ የመብራት ሽቦ ጠምጥመው የሚያስጌጡ አሉ፤ እኔ በበኩሌ አልጠላውም።

ዓሣ አጥማጆችስ ዘንጋቸውን ማስጌጥ ለምን ጀመሩ? መነሻው ጌጥ አልነበረም። በዘንጉ ላይ የሲባጎው መሄጃ የሆኑ ትናንሽ ቀለበቶች አሉ፤ እነርሱም በክር ተጠምጥመው ይታሰራሉ። ክሩ እንዳይላላና ውሃ እንዳይገባው አንድ ነገር መቀባት ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሽመል በስድስት ቀጫጭን ቁራጭ ተሰንጥቆ፣ እንደገና በሙጫ ተጣብቆ ዘንግ ይሆን ነበር። ክሩም ሐር፣ ቅቡም ቫርኒሽ ነበረ። በጃፓን ደግሞ ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኤዶ፣ ማለት የዛሬዪቱ ቶኪዮ ባለ እጆች የሽመል ዘንግ «ኡሩሺ» በሚባል የዛፍ ደም ይለብጡ ነበር። የዚህ የዛፍ ደም ጠባይ የሚያስገርም ነው። የሚደርቀው በደረቅ አየር ሳይሆን በእርጥብ አየር ነው፤ ሳይደርቅ የነካውንም ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ያሳብጠዋል።

ኢፖክሲ የመጣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጥርስ ሥራ የሚሆን ነገር ሲፈልግ አገኘው፤ ሲባ የተባለው ኩባንያም በ1946 «አራልዳይት» በሚል ስም በማጣበቂያነት ለገበያ አቀረበው። በ1970ዎቹ የካርቦን ዘንግ እየተስፋፋ ሲመጣ ኢፖክሲ ከዘንጉ ውስጥም ከዘንጉ ላይም ነበረ፤ የካርቦኑን ክር አጣብቆ የሚይዘውም እርሱ ነውና። የሚያብረቀርቀው ዱቄት ደግሞ ማይካ የተባለ በስሱ የሚላጥ ማዕድን ደቅቆ፣ ቲታኒየም ኦክሳይድ የተቀባ ነው። ብርሃን በዚያ ስስ ሽፋን ላይና ታች ሲንጸባረቅ ቀለም ይፈጠራል፤ በውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት እንደሚያሳየው ዓይነት መሆኑ ነው። የሽፋኑ ውፍረት ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ተማሪዬም ብዙ የደከመው እዚህ ላይ ነው። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው። ለዘንግ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ እኩል በእኩል ይለካል፤ የሌላው ልክ በዕቃው ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰው ማጠንከሪያ ሲበዛ እንደ እርሾ ሥራውን የሚያፋጥን ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች እንደ ቁልፍና ቁልፍ ቀዳዳ የሚጋጠሙ ስለ ሆኑ ጓደኛ ያጣው ትርፍ እዚያው ይቀርና ሥራው ለዘለዓለም እጅ ላይ የሚጣበቅ ይሆናል። ሲጋጠሙ ሙቀት ይወጣቸዋል። በኩባያ ውስጥ እንደ ተከማቸ ከተተወ ራሱን በራሱ እያሞቀ በጥቂት ደቂቃ ይጠጥራል፤ በሰፊ ሳህን ላይ ስስ አድርጎ ያፈሰሰው ግን ጊዜ ያገኛል። አየሩ በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ያህል ይሆናል። የጨፋን የቀትር ሙቀት የሚያውቅ ሰው ሥራውን ለማለዳ ያደርገዋል።

የተቀባው ዘንግ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ፈሳሹ ወደ ታች ወርዶ እንደ ሻማ ጠብታ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ዘንግ ሠሪዎች በደቂቃ አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ በሚዞር ሞተር ላይ ያደርጉታል። የእኛ ልጅ ሞተር ስላልነበረው ዱላውን በሁለት ባላ ላይ አጋድሞ፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር እየተፈራረቀ እስከ እኩለ ሌሊት በእጁ ሲያዞር አመሸ። የአየር አረፋ ሲታይ የመንፈሻ ነበልባል ከላዩ እልፍ ማድረግ ይበቃል፤ ካቆዩት ይቃጠላል።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ የአባትዬው ጥያቄ እንደገና ይመጣል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከሥራ በኋላ በከረጢት ይገባል፤ ዱላ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ኢፖክሲ በፀሐይ ብርሃን ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ በሰማያዊ ላይ ቢጫ ሲደረብ ምን እንደሚወጣ ማንም ተማሪ ያውቃል፣ አረንጓዴ ነው። ድንጋይ የሚመታው ጫፉም ይሸራረፋል። ከዚህም በላይ ወይራ ውሃውን ቀስ ብሎ የሚለቅ ጽኑ ዕንጨት ነው። ሳይደርቅ ከታሸገ ውሃው መውጫ ያጣል፤ ልባጡም ይላቀቃል። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ቅቤ የጠጣ ዕንጨት ኢፖክሲን አይቀበልም። ቅባት ባለበት አይጣበቅምና፣ አሮጌውንና አዲሱን ጥበብ ባንድ ሥፍራ መደራረብ ከቶ አይቻልም።

ስለዚህ አባትና ልጅ ዱላውን ተካፈሉት። ከእጅ መያዣው በታች አንድ ስንዝር ያህል አንገቱ ላይ ለልጁ ተሰጠው፤ ያ ሥፍራ ቅቤ አይነካውም። ልጁ በዚያ ላይ ቀይና ጥቁር ክር ጥቅጥቅ አድርጎ ጠምጥሞ፣ ዱቄቱን በክሩ ዳርና ዳር በሁለት ቀጭን ቀለበት ብቻ አድርጎ፣ የቀረውን በጥሩ ኢፖክሲ ለበጠው። የተቀረው ዱላ እንደ ድሮው ቅቤና ጭስ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከሙሉ ሰማያዊው ይልቅ ያምራል፤ የዓሣ አጥማጆቹም ጥበብ የተወለደው ክር በታሰረበት ሥፍራ እንጂ በዘንጉ ሁሉ ላይ አልነበረም። ገዢውም ቋጠሮውን ይዳስሳል፣ መሬት መትቶ ያዳምጣል፤ የሚከለክለው የለም።

ይህን ሥራ ልሞክር ለምትሉ ወጣቶች አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብዕሬን አላስቀምጥም። ያልደረቀ ኢፖክሲ እንደ ጃፓኖቹ የዛፍ ደም ቆዳን ይጎዳል። ሰውነት አንድ ጊዜ ከጠላው በኋላ ጥላቻው አይለቅም፤ ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጠብታም ሽፍታ ያወጣል። የሐኪም ቤት ዓይነት የላስቲክ ጓንት፣ በተለይም ናይትራይል የሚባለውን አድርጉ። እጃችሁን የነካው እንደ ሆነ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ እንጂ በቲነር አትሹት፤ ቲነር ወደ ቆዳው ውስጥ ያስገባዋልና። ዱቄቱን ስትለኩና የደረቀውን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ መስኮቱንም ክፈቱ። ተማሪዬ አሁን የሚሠራው በረንዳ ላይ ነው፤ ሕፃናት በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ዕቃውን ያስቀምጣል። ከተበላሸ የንፋስ ማራገቢያ ያወጣው ሞተር አለው፤ ፍጥነቱን የሚቀንስለት ጥርስ ግን ገና እየፈለገ ነው።