ባልየውስ ተመርምሯል?

አክስቴ የሐኪም ወረቀቶቿን በቢጫ ፌስታል ጠቅልላ ከሳጥኗ ግርጌ ታስቀምጣቸው ነበር። የዳንግላ ገጠር ልጅ ናት። የተዳረችው የወር አበባ ሳታይ ነው፤ ከዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ "ምነው እስካሁን?" ስትባል ኖረች። ግሽ ዓባይ ወርዳ ተጠምቃለች፣ ለማርያም ተስላለች፣ ሥር ቀቅለው አጠጥተዋታል፣ ሆዷን በቅቤ አሽተዋታል። ሐኪም ቤት የወሰዷት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ፌስታሉ ውስጥ የሽንት ምርመራ አለ፣ የደም ምርመራ አለ፣ የአልትራሳውንድ ውጤት አለ፣ ቀለማቸው የጠፋ የመድኃኒት ማዘዣዎች አሉ። ሁሉም ላይ የተጻፈው የእሷ ስም ነው። የባሏ ስም ያለበት አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ የለችም።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀምጦ "መካን ናት" ተብላ ተፈታች። ሰውየው ሌላ አገባ፤ ከሁለተኛይቱም አልወለደም።

ዳንግላ የሚገኝበት የአማራ ክልል አዊ ዞን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 982,942 ሕዝብ ነበረው። እንዲህ ያለ ታሪክ የማያውቅ ቤተሰብ በዚህ ዞን ይኖራል ብዬ አላምንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ከስድስት ሰው አንዱ፣ ማለትም 17.5 በመቶው፣ በዕድሜው አንድ ወቅት ላይ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። እኛ ዘንድ ጉዳዩ የሚሸፈነው አገሩ ሁሉ ስለሚወልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልድ ነበር፤ በአማራ ክልል 3.7። ስለ መውለድ ሲነሳ ወሬያችን ሁሉ ስለ ማራራቅና ስለ መመጠን ስለሆነ፣ ደጃፏ ላይ ሕፃን ያልሮጠባት ሴት ከሪፖርቱም ከስብሰባውም ውጭ ቀረች። አባተ ማሞና ፊሊፕ ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች የገጠር ኢትዮጵያን ልጅ አልባነት ርዕስ አድርገው የጻፉት ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ቆይቷል።

ወደ ወንዱ ልመለስ። መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። ይህ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ወንድነቱ ያልደከመ ሁሉ ዘር ያለው ይመስለዋል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብርቱ ገበሬ፣ ፈረስ ላይ ሲወጣ የሚያምር ሰው፣ በዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም የዘር ሕዋስ ላይኖረው ይችላል፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ።

የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም የቀለለው ነው። ሰውየው ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀባል። የዘር ፈሳሹን በንጹሕ ብልቃጥ ይሰጣል፤ ቤቱ ቅርብ ከሆነ ብልቃጧን እንዳትቀዘቅዝ ብብቱ ሥር ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያደርሳት ይችላል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ጠብታውን መስታወት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ያያል፦ ስንት ናቸው? ይንቀሳቀሳሉ ወይስ ቆመዋል? ቅርጻቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስን ዝቅተኛው መነሻ አድርጎታል። ከዚያ ቢያንስ ምርመራው ይደገማል፤ መንስኤው ይፈለጋል። ለዚህ ተብሎ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ወባ የሚታይበት ማይክሮስኮፕ ያለው ጤና ጣቢያ የሥራውን ዋና ዕቃ ይዟል፤ የሚጎድለው የሠለጠነ ዓይን፣ ሰውየው ፈሳሹን የሚሰጥበት በር ያለው ክፍልና ራሱ ሰውየው ነው። ይህን ትንሽ ነገር ሳናሟላ ሴቲቱን ከጠበል ጠበል፣ ከከተማ ከተማ ማንከራተታችን በእኔ እምነት ግፍ ነው።

ሴቷ ላይ ችግሩ ሲገኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥሩ የቆየ ቁስል ነው። ፒተር ፔሪን፣ ኤልሳቤጥ ዳንከንና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ስላለው የማህፀን አካባቢ ኢንፌክሽንና ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ትኩሳት ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1980 አሳትመዋል። ዳንከን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወር አበባ ሳያዩ ከወንድ ጋር የተኙ ልጆች ለአባላዘር በሽታ ስላላቸው ተጋላጭነት ከእነ ባልደረቦቿ ጻፈች። ያን ጽሑፍ ሳስብ አክስቴ ትታየኛለች። ጨብጥና ክላሚዲያ ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ድምፅ የላቸውም። ባል ከገበያ ወይም ከሥራ ፍለጋ ይዞት ይመጣል፣ እሱ መርፌ ተወግቶ ይድናል፣ እሷ አይነገራትም። በሽታው እንቁላሉ የሚያልፍበትን የማህፀን ቱቦ ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ ከዘጋው እርግዝና የለም። በከፊል ከዘጋው የባሰ አለ።

አክስቴ ሁለተኛ ባል አገባች። ደግ ሰው ነው። በሦስተኛው ዓመት ወሯ ቀረ፤ ለማንም ሳትናገር በልቧ ያዘችው። ስድስት ሳምንት ቢሆናት ነው፤ በአንድ በኩል ከእምብርቷ በታች ይወጋት ጀመር፣ ትንሽ ደም ታያት። ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደች። "ጨጓራ ነው" ብለው ኪኒን ሰጥተው መለሷት። ወርሽ መጥቷል ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። በሁለተኛው ቀን ትከሻዋን አመማት፤ ትከሻ ከሆድ ጋር ምን አገናኘው ይባላል፤ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው። ማለዳ ጓሮ ወድቃ ተገኘች። በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸክመው አወረዷት፣ መኪና ለምነው ሆስፒታል አደረሷት። ጽንሱ ቱቦዋ ውስጥ ይዞ ኖሮ ቱቦዋ ፈንድቶ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ደም ተሰጣት፣ ዳነች። ከዚያ በኋላ አላረገዘችም። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ከመቶ እርግዝና በአንድ ወይም በሁለቱ ያጋጥማል። ቀድሞ ከታወቀ በመድኃኒት የሚታከምበት ጊዜ አለ። ለማወቅ የሚያስፈልገው የሽንት የእርግዝና ምርመራና አልትራሳውንድ የሚያነብ ሰው ነው። በእኛ አገር የጤና አደረጃጀት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው ያገለግላል፤ እዚያ ላይ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ የጤና መኮንኖች መመደብ ከጀመሩ ወዲህ የብዙ ሴት ነፍስ ተርፏል። ሐኪም በሌለበት ሌሊት ሆድ ከፍተው ደሙን የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ቢላዋው ግን የሚጠቅመው ለደረሰችው ብቻ ነው። ከጃዊ ቆላ ወይም ከአንከሻ ጎጥ የምትመጣ ሴት የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ እስክትደርስ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ሰዓቱ ወደ ቀን ይለወጣል። ደም የሚፈሳት ሴት ያን ያህል አትጠብቅም።

ቆላውን ካነሳሁ ወባን መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል። ወባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የያዛት እናት ጽንሷ ሊወርድ ይችላል። ለረጅም ዓመታት በእነዚያ ወራት ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት አይሰጥም፣ ኩዊኒን ይሰጥ ይባል ነበር፤ ጽንሱን ይጎዳል ተብሎ ስለተፈራ። በብዙ አገር ያሉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲመረመሩ ነገሩ ተገለበጠ፦ በኮአርተም የታከሙት ላይ የደረሰው ችግር በኩዊኒን ከታከሙት በ42 በመቶ ያነሰ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ኅዳር 2015 ዓ.ም. ላይ መመሪያውን ቀየረ። አንድ ጥናት በጓንጓና በጃዊ ያለችን እናት እንዲህ ሲነካ ማየት ደስ ይላል።

ጽንስ ሲወርድ እኛ ዘንድ የሚከሰሰው እንስራው ነው፣ ወይ ድንጋጤው፣ ወይ የሰው ዓይን። እውነቱ ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ ገና ሲፈጠሩ የዘር ቅንጣታቸው (ክሮሞሶማቸው) ቁጥር የተዛባ ነው፤ ሴቲቱ ብትተኛም ብትነሳም አይቆዩም ነበር። በዓለም በየዓመቱ 23 ሚሊዮን ያህል ጽንስ እንደሚወርድ ላንሴት እ.ኤ.አ. በ2021 ጽፏል። ማስቆም ይቻላል ወይ? በእንግሊዝ በ48 ሆስፒታሎች 4,153 ደም የታያቸው ነፍሰ ጡሮች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ፕሮጀስትሮን የተባለውን ሆርሞን ፈተነ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 75 በመቶ፣ ካልወሰዱት 72 በመቶ ወለዱ፤ በጠቅላላው ሲታይ ልዩነት አለ ለማለት አያስደፍርም። ቀድሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ጽንስ የወረደባቸው ላይ ግን 72 በመቶ ለ57 በመቶ ሆነ። ስለዚህ "ስንት ጊዜ ወርዶብሻል?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ሕክምና ነው። ጠያቂው በአዊኛ መጠየቅ ከቻለ ደግሞ መልሱ እውነተኛ ይሆናል፤ ይህን ነገር በአማርኛ ለማያውቁት ሰው መናገር ለብዙዋ እናት ከባድ ነው።

እንቁላልና ዘር ከማህፀን ውጭ ተገናኝተው ስለሚፀነስ ስለ ላቦራቶሪ ልጅ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያዋ የላቦራቶሪ ልጅ ሉዊዝ ብራውን በእንግሊዝ ኦልደም ከተማ በሐምሌ 1978 እ.ኤ.አ. ከተወለደች ወዲህ ሳይንሱ ሩቅ ሄዷል። በአገራችን በመንግሥት ተቋም የመጀመሪያው ማዕከል በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ለዚህ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ትብብርና የሐኪሟ የዶ/ር ሰናይት ፍስሐ ድርሻ ይነሳል። ቱቦዋ ለተዘጋ ሴት ትልቅ ተስፋ ነው። ከእንጅባራ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በሬ ሸጦ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ እዚሁ ሊደረግለት የሚችለው ሁሉ ተደርጎለት መሆን አለበት። የወር አበባዋ የሚዛባባት፣ እንቁላል በወጉ የማይለቅላት ሴት አለች፤ ለእሷ ሌትሮዞል የተባለ በአፍ የሚወሰድ እንክብል አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የ750 ሴቶች ጥናት ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ ወለዱ፤ የቀድሞውን ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶ። አምስት ቀን የሚዋጥ እንክብል ነው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ያለ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሊያዝላትና ሊከታተላት ይችላል።

የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎችና መምህራን ይህን ጥያቄ ቢይዙት ምኞቴ ነው፦ በዞኑ ልጅ ፈልገው ከሚመጡ ጥንዶች ስንቱ ላይ ቱቦ ተዘግቷል፣ ስንቱ ላይ ችግሩ የወንዱ ነው? የዞኑ ጤና መምሪያም ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር እንጅባራ ሜዳ ላይ አንድ ድንኳን ለወንዶች ይትከል። ያን ያህል ወንድ በአንድ ቦታ የሚገኝበት ሌላ ቀን የለም።

እናንተ ባሎች፣ ተጋብታችሁ ዓመት ከሞላና ልጅ ካልመጣ አብራችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያው የምርመራ ወረቀት በእናንተ ስም ይጻፍ። ወሯ የቀረባት ሚስታችሁ በአንድ በኩል ሆዷን ካመማት፣ ካዞራት ወይም ትከሻዋ ከወጋት፣ ጨጓራ ነው አትበሉ፤ እስኪነጋም አትጠብቁ።