የመስከረም ውሳኔ ለምን በጥቅምት ይሞታል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ለራሳችሁ ምን ቃል ገባችሁ? ዛሬስ ያ ቃል የት ደረሰ? እፍረት ቢጤ ከተሰማችሁ አይዟችሁ፤ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኔ ራሴ በዚህ ጉዳይ የሰባት ዓመት ልምድ አለኝ! በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ አዲስ ደብተር እገዛና “ከዘንድሮ ጀምሮ አዲስ ሰው እሆናለሁ፤ መጠጥ አቆማለሁ፤ ገንዘብ እቆጥባለሁ፤ ለቤተሰቤ ጊዜ እሰጣለሁ” ብዬ እጽፋለሁ። ታዲያ የመስቀል ደመራ አመድ ሳይበርድ እኔ ከጓደኞቼ ጋር ግሮሰሪ ቁጭ ብያለሁ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ደብተሮቹን ደርድራ “አንተ፣ ይህን ሁሉ ከምትገዛ አንዱን ፎቶ ኮፒ ብታስደርገው አይሻልም?” አለችኝ። ሳቅን። የኔ ሳቅ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

የልጄ ደብተር

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ማታ ማታ ወላጅ የሚፈርምበት የመገናኛ ደብተር አላት። እኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት ስገባ እሷ ተኝታለች፤ የምትፈርመው እናቷ ናት። አንድ ቀን ወላጅ ተጠርቶ ባለቤቴ ስላልተመቻት እኔ ሄድኩ። መምህሯ ደብተሩን እያገላበጡ በትሕትና “አባትየው አገር ውስጥ ያሉ አልመሰለንም ነበር” አሉኝ። ምን ልበላችሁ! ከመስከረም እስከ ጥር የኔ ፊርማ አንድም የለም።

ያን ዕለት ሌሊት አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ እኮ ቃሌን ማክበር የማልችል ሰው አይደለሁም! የመሥሪያ ቤታችንን እቁብ በየሳምንቱ 500 ብር ስጥል ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ብቻዬን ልቆጥብ ስል ግን ደመወዜ ወር አይሞላም። እጁ ያው እጅ፣ ኪሱ ያው ኪስ! ልዩነቱ ታዲያ ምንድን ነው?

ሳሰላስለው ቆይቼ ገባኝ። እቁብ “ሀብታም ሁን” አይለኝም፤ “500 ብር አምጣ” ነው የሚለኝ። ቀኑ የታወቀ ነው፤ ቅዳሜ። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ብቀር ስሜ ይጠራል። አንድ ሳምንት ባጓድል ደግሞ ከነቅጣቱ ከፍዬ እቀጥላለሁ እንጂ እቁቡ አይበተንም። የመስከረም ውሳኔዬ ግን ከነዚህ ከአራቱ አንዱም አልነበረውም። “አዲስ ሰው እሆናለሁ” ያለ ሰው ማክሰኞ 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ ሲወጣ ምን ያድርግ?

የብቻዬ እቁብ

ስለዚህ ደብተሩን ትቼ ለራሴ እቁብ አቋቋምኩ። መዋጮው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገብቼ የልጄን ደብተር መፈረም። በቃ!

ቀጥዬ መሰናክሉን ፈለግኩ። ግሮሰሪዋ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤቴ በምሄድበት መንገድ ላይ ናት። የጓደኞቼን ሳቅ እየሰሙ ማለፍ ጀግንነት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ደክሞኝ ከሥራ ስወጣ ጀግና አይደለሁም። አንድ ፌርማታ አልፌ እየወረድኩ በጓሮ በኩል መግባት ጀመርኩ። “የት ጠፋህ ሰውዬ?” ብለው ሲደውሉ የምመልሰውንም አስቀድሜ አዘጋጀሁ፦ “ቅዳሜ ከሰዓት አለሁ።”

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። “እንዲህ ሲያጋጥመኝ እንዲህ አደርጋለሁ” ብሎ አስቀድሞ የቆረጠ ሰው፣ “እንዲህ መሆን እፈልጋለሁ” ብሎ ብቻ ከተመኘው ይልቅ ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዳኛዬ ባለቤቴ ናት። ልጄን ዳኛ ማድረግ አልፈለግሁም፤ እንዲህ ያለ ሸክም በልጅ ላይ አይጫንም። እሑድ እሑድ ቡና ላይ ከባለቤቴ ጋር ፊርማዎቹን እንቆጥራለን።

በሦስተኛው ሳምንት ወደቅኩ። የሥራ ባልደረባችንን ልንሸኝ ወጥተን 5 ሰዓት ገባሁ። ድሮ ቢሆን “አንዴ ከፈረሰ ፈረሰ” ብዬ እስከ ፋሲካ እቀጥልበት ነበር። ባለቤቴ ግን አልተቆጣችም፤ “የነገ መዋጮ አለብህ” ብላኝ ዞራ ተኛች። በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ቤት ነበርኩ።

ልማድ በ21 ቀን ይሠራል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አትመኑ! ፊሊፓ ላሊ የተባለችው የለንደን ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ተከታትላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው በዚህ ጥናት አዲስ ልማድ እስኪሰርጽ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ይፈጃል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን ማጓደል ደግሞ ልማዱን አያፈርሰውም። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ሲባል እየሰማሁ ያደግኩት እኔ፣ እንቁላሉ በአንድ ሌሊት እንዲሮጥልኝ ነበር የምፈልገው!

እናንተስ?

አንድ ነገር ሳላሳስብ አላልፍም። ሳይጠጣ ሲያድር እጁ የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው ሰው በአንዴ ላቁም ቢል አደጋ አለው፤ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። የዚህ ዓይነቱ ችግር በፌርማታ መቀየር አይፈታም።

እኔ ይኸው ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። መልአክ አልሆንኩም፤ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሁለት እላለሁ። በዕቅድ ያልያዝኩት ገንዘብ ግን ተርፎኛል።

እናንተም ከረጅሙ ዝርዝራችሁ አንዱን ምረጡ። ነገ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ፣ ምን እንደምታደርጉ ወስኑ። አንድ ዳኛ ፈልጉ። የወደቃችሁ ዕለትም የማግስቱን መዋጮ አትርሱ። ለዚህ ደግሞ መስከረምን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ማክሰኞም ቀን ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣችና “አባዬ፣ ፊርማህ ተበላሽቷል፤ እንደ ትናንቱ አድርገው” አለችኝ። የትናንቱን ታውቀዋለች ማለት ነው! አስተካክዬ ፈረምኩላት።